ቡሬ የቀረው ስልክ

በ2005 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከቋሪት ወጣሁ። ሌሊቱን ዝናቡ አላባራም ነበር። ልጄ ባንቻምላክ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ኮምፒውተር እንድትማር ተመድባለች። አባቷ ካረፉ ወዲህ ያለችኝ እሷው ናትና መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ፣ ዳዊቴንና አንድ ስልቻ ገብስ ይዤ ተከተልኋት። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ ቄሱ «ምን ያስለቅስሻል፤ ዓባይን አትሻገሪም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቅርብ ነው። እኔ ግን ከአገሬ ከገበዝ ማርያም ርቄ አድሬ አላውቅም።

ቋሪት ላላችሁት ልንገራችሁ፣ ፍኖተ ሰላም ሙቀት ነው። እኛ ጋቢ ደርበን በምናድርበት ወር እዚህ ትንኝ ያስነሣል። ድንቹ ውሃ ውሃ ይላል። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰው በጠዋት በደጃፌ ሲያልፍ «እንዴት አደርሽ» አለማለቱ ነው።

መታወቂያ ልጠይቅ ቀበሌ ስሄድ ልጄን የሚያክል ጸሐፊ ተቀበለኝ።

«መሸኛሽስ?»

«አልያዝሁም ጌታዬ።»

«እንግዲያ ከቋሪት አልወጣሽም ማለት ነው።»

«ታዲያ እዚህ የቆምሁት ማን ነኝ?»

«እሱን መሸኛው ይነግረናል» አለና የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ያከራዩን ወይዘሮ ዘሐራ ናቸው፤ ገበያ ላይ ጨው ይነግዳሉ። ልጄ ምን እንደምትማር ጠየቁኝ።

«ኢንተርኔት ነው የሚሉት።»

«የዚህ ግቢ ቧንቧ ውሃ ካየ ሰንብቷል። ኢንተርኔቱ ከመጣ ባልዲ አቅርቢ» አሉኝ። ያን ቀን ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቅሁ።

እኔ በርበሬ መጋዘን ሥራ ገባሁ። ሻጋታ የነካውን ዛላ ከደህናው እንለያለን። ማታ ዓይኔን በእጄ ማበስ አልችልም። ባንቻምላክ ትምህርቷን ልታስረዳኝ ትሞክር ነበር። ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ውስጥ አይደለም አለችኝ፤ በኢንተርኔት ይከፈታል፤ ጽሑፉንም ፎቶውንም እዚያው ሠርቶ እዚያው ማኖር ነው፤ የትም ሆነሽ ትከፍችዋለሽ። የመጨረሻ ሥራዋም ድረ ገጽ ነበር፤ በርበሬ እንዴት እንደሚደርቅና እንደሚለቀም የሚያሳይ። የእኔን እጅ ሳይቀር ፎቶ አንሥታ አስገብታዋለች።

እኛ አገር እህል በሰው ጎተራ ስናስቀምጥ ምስክር እናቆማለን። ስለዚህ «አደራ ተቀባዩ ማን ነው?» አልኋት።

«ማንም አይደለም እማ፤ በስሜ ነው ያለው።»

በስሟ ነው፤ ቁጥሩ ግን የሰው ነበር። መጀመሪያ አካውንት የሚሉትን ስትከፍት ስልክ ቁጥር ስጪ ተባለች፤ እኛ ስልክ የለንም። ኢንተርኔት ቤት የነበረው ታድሎ የሚባል የቡሬ ልጅ ስልክ ለሌለው ተማሪ ሁሉ በራሱ ቁጥር ይከፍትለት ነበር። ክፋት አልነበረበትም። እኔም መርቄዋለሁ።

ከፋሲካ በኋላ የታድሎ ኢንተርኔት ቤት ተዘጋ። በመተማ አድርጎ ሱዳን ገባ ተባለ። ባንቻምላክ ሥራዋን በሌላ ኢንተርኔት ቤት ልትከፍት ብትሞክር እምቢ አላት። «አንቺ መሆንሽን አረጋግጪ፤ በስልክሽ የማረጋገጫ ቁጥር ልከናል» ይላል። ስልክሽ የሚለው የታድሎን ነው። የስልኩን ቁጥር በቃሏ አትይዘውም። ስልኩን ይዞ ሄዶ ከሆነ ይደርሰዋል ብላ ደጋግማ አስላከች። መልስ የለም። መምህሩ ደግሞ ሥራውን በቀጠሮው ቀን ካላየ እንደማያሳልፋት ነገራት። የዓመት ልፋቷ ነው። እህል መቅመስ ተወች።

ቀጠሮው ሲቃረብ፣ ያለበትን ያውቁ ይሆናል ብዬ የታድሎን እናት ፍለጋ ቡሬ ሄድሁ። ልጄ የአዲሱን ኢንተርኔት ቤት ስልክ ጽፋ ሰጠችኝ፤ እዚያው ሆና ትጠብቀኛለች።

እትዬ ውዴ ይባላሉ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የታድሎን ስም ስጠራ ተነሥተው እጄን ያዙ።

«ከሱ ነው የመጣሽ?»

«አይደለም እትዬ።»

ስልኩ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ታድሎ ሲሄድ «በዚህ እደውልልሻለሁ» ብሎ ትቶላቸው ነው። አልደወለም።

«ሰሞኑን ግን ቁጥር ይልክልኛል» አሉኝ። «ጎረቤት አስነበብሁ። አንዱ የቤቱ ቁጥር ነው አለኝ። አንዱ ታስሮ የእስረኛ ቁጥሩ ነው አለኝ። እኔ ብቻ በሕይወት አለ ብዬ ለማርያም ተሳልሁ። አንቺ ማንበብ ትችያለሽ?»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ቁጥሩ የልጄ ነው፤ እሷ ባስላከች ጊዜ ሁሉ የመጣ። አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

«ሁሉም?» አሉኝ።

«ሁሉም፣ እትዬ።»

የነጠላቸውን ባዶ ጫፍ መልሰው ቋጠሩት። «በይ ያንቺዋ እንኳ ትለፍ፤ ደውዪላት» አሉኝ።

ደወልሁ። ባንቻምላክ እንደገና አስላከች። ስልኩ እጄ ላይ ሲጮህ እትዬ ውዴ ነገሩን እያወቁ ብድግ አሉ። ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብሁላት። ወዲያ ማዶ ለቅሶ ሰማሁ።

«ምን አለች?»

«ተከፈተልኝ አለች።»

«ተመስገን በያ» አሉኝና ተቀመጡ።

ስሰናበታቸው «ነገ ከኪዳን ስወጣ እደውላለሁ። በጠዋት ከጮኸ እኔ ነኝና አይደንግጡ» አልኋቸው።

«ደውዪ። መደንገጡን ግን ተዪልኝ» አሉ።

ልጄ በቀጠሮው ሥራዋን አሳይታ አልፋለች። ስለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ታድሎ እስከ ዛሬ አልደወለም፤ በመተማ መንገድ ያለፋችሁ ካያችሁት እናቱ ስልኩን እንደያዙ መሆናቸውን ንገሩት።

ከቡሬ በተመለስሁ ማግሥት፣ ከኪዳን እንደወጣሁ፣ የወይዘሮ ዘሐራን ስልክ ለምኜ፣ ልጄ ከኢንተርኔት ቤቱ ስልክ በገለበጠችልኝ ቁጥር ደወልሁ። ወዲያው ተነሣ።

«ታድሎ?»

«እኔ ነኝ እትዬ፤ የባንቻምላክ እናት።»

«እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉኝ።