ኖሪን ከወጥ ቤት ያልወጣችበት ቀን

ክሊፍ ሲጋራ እንደሚያጨስ ኖሪን ታውቅ ነበር። ይህን ከመነሻው እንናገረው። ኋላ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ምስኪን! ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሸውዳት ኖሯል» እያለ ከንፈር መጥጦላታልና። ማንም አልሸወዳትም። የባሏን ሸሚዝ በገዛ እጇ የምታጥብ ሴት እንዴት አድርጋ ትሸወዳለች?

ነገሩ የጀመረው ልጃቸው ጆዲ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነው። አንድ ቀን አስሟ ተነሥቶ ትንፋሽ አጠራትና በአምቡላንስ ወሰዷት። ክሊፍ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ፓኬቱን ከነላይተሩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወረና «ሁለተኛ ብነካ እጄ ይቆረጥ!» ብሎ ማለ። አማቱ አለቀሱ። ኖሪን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እውነትም በዚያ በጋ አልነካም። ብርዱ ሲገባ ግን «እርግቦቼን ላብላ» ብሎ ወደ እርግብ ቤቱ ሲሄድ የሚቆይበት ጊዜ እየረዘመ መጣ። ሲመለስም አፉ የናና ከረሜላ ይሸታል። የእንግሊዟ ባርንስሊ ከተማ ወንድ በበረራ ለሚያወዳድራቸው እርግቦቹ የማይሆነው የለም፤ ግን እርግብ ለማብላት ብሎ ከረሜላ የሚልስ ሰው ማን አየ? ኖሪን የሥራ ኮቱን ኪስ ገለበጠች፤ የትምባሆ ፍርፋሪ እጇ ላይ ቀረ።

መጀመሪያ ተናደደች። እሑድ ከምሳ በኋላ ልታፋጥጠው ወሰነች። እሑድ ደረሰ፣ ጆዲ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ትጫወታለች፣ እሱም «አባትሽ ጀግና ነው፤ በአንድ ቀን ነው ቁርጥ ያደረገው» እያለ ለልጅቱ ይጎርራል። ኖሪን የምሳውን ሳህን ሰበሰበች። በልቧ ግን «ቆይ፣ ራሱ ይነግረኛል። እኔ ለምኜ አላስወጣውም» አለች። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚሉት እውነት ነው፤ ዋጠችው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ነገሩ ተመችቷት ነበር። ጥፋት ያለበት ባል ደግ ይሆናል። ክሊፍ ከጠርሙስ ፋብሪካው ሲገባ ሳህን ያጥባል፤ ጠዋት ሻይዋን አልጋዋ ድረስ ያመጣላታል፤ ዓርብ ዓርብ ጥብስ ዓሣና ድንች ገዝቶ ይመጣል። ጎረቤቷ ሺላ «እንደ ክሊፍ ያለ ባል ከየት ይገኛል? የኔው እኮ ካልሲውን እንኳ አያነሣም!» ስትላት ኖሪን «ተዪኝ እቴ፣ እሱ የራሱ ምክንያት አለው» ብላ ትስቃለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኖሪን ዝምታ ግን ውስጥ ለውስጥ እየነቀዘ እሷ አላየችውም።

ዓመታቱ እንዲህ አለፉ። ጆዲ አግብታ ሌላ ከተማ ገባች። ክሊፍ ጡረታ ወጣ። የፋብሪካው ጩኸት ጆሮውን አደንቁሮት ስለነበር ቴሌቪዥኑም ስልኩም እስከ መጨረሻው ድምፅ ነው። ሳሉም መጣ። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ይስላል። «የእርግቦቹ አቧራ ነው» ይላታል። «እርግቦቹ ናቸው» ትለዋለች እሷም። ሁለቱም እርግቦቹን ያማሉ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፣ የሚያጨሱም ድሮ አጭሰው የተዉም፣ ሳንባቸው በነፃ ይታያል ይላል። መጀመሪያ ነርስ በስልክ ትጠይቃለች፤ አደጋ አለባቸው የምትላቸው ሱፐርማርኬቱ ግቢ በቆመው ትልቅ የምርመራ መኪና ገብተው የሳንባ ፎቶ ይነሣሉ። ክሊፍ ሊጥለው ሲል ኖሪን ተቀብላ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ እኮ ድሮ ነው የተውኩት!»

«ድሮ የተዉትንም ነው የሚፈልጉት። ማንበብ ረሳህ እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ! ደህና ሰው ሐኪም ቤት አንከራትቺ።»

«ደህና ከሆንክ ደህና ነህ ይሉሃል። ምን ያስፈራሃል?»

እያጉረመረመ ወደ እርግቦቹ ሄደ። ኖሪን ግን ደስ አላት። አሁንስ አያመልጥም ብላ አሰበች። ለእኔ ባይናገር ለሐኪም ይናገራል፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፤ ያኔ ነገሩ ይወጣና ሁለታችንም እንገላገላለን። ሐሳቧ ይኸው ነበር፤ ክፋት አልነበረውም።

ስልኩ የጮኸው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኖሪን ልብስ አጥባ ቅርጫቱ እግሯ ሥር ነበር። ክሊፍ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ ያለዚያ አይሰማም። ነርሷ ወጣት ቢጤ ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ክሊፎርድ፤ ጥቂት ጥያቄዎች ልጠይቅዎት ነው። ይመችዎታል?»

«አንድ ጊዜ፣ የኔ ልጅ» አለና ወደ ኖሪን ዞረ። «ልብሱን አታሰጪም? ፀሐይ ወጥቷል እኮ።»

«ይቆያል» አለች ኖሪን።

«ኋላ ዝናብ ይመጣል።»

«ይቆያል አልኩህ።»

ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ክሊፍ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ስልኩን አየ።

«አሁን ያጨሳሉ?» አለች ነርሷ።

ክሊፍ አፉ ተከፈተ፤ ተዘጋ። ኖሪን ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። በል፣ ተናገረው፣ አንዲት ቃል ናት፣ አልቆጣህም፤ ይህን ሁሉ በልቧ ትላለች እንጂ ፊቷ ላይ የሚታይ አልነበረም። ፊቷ የዳኛ ፊት ነበር።

«ኧረ አላጨስም!» አለ ክሊፍ። «ልጄ ትንሽ ሆና ነው የተውኩት።»

«ጎበዝ! ስንት ዓመት ይሆናል?»

«ሠላሳ አካባቢ።»

«ያኔ በቀን ስንት ያጨሱ ነበር?»

«እ… አምስት። ቢበዛ ስድስት።»

አምስት! ኖሪን ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። አምስቱን እኮ ቁርስ ሳይቀርብ ነበር የሚጨርሰው። ነርሷ ስለ ሳል ጠየቀች፤ እርግቦቹ መጡ። ኮምፒውተሯን ስትነካካ ተሰማ።

«ደስ የሚል ዜና ነው አቶ ክሊፎርድ። የአደጋ ነጥብዎ ዝቅተኛ ስለሆነ ፎቶ መነሣት አያስፈልግዎትም። ሳሉ ካልተወዎት ግን ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፣ እሺ?»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ያኔ ነው ኖሪን የገባት። እሷ ጥያቄው የባልና የሚስት መስሏት ነበር፤ ጥያቄው ግን የሳንባ ነበር። በውሸቱ ልክ ነጥብ ሰጥተው አሰናበቱት።

«ሰማሽ አይደል? ንጹሕ ነኝ!» አለ ክሊፍ። ፊቱ ግን ዐመድ መስሏል።

«ሰማሁ» አለችና ቅርጫቱን አንሥታ ወጣች። ልብሱን ስታሰጣ መቆንጠጫው ከእጇ እየወደቀ አስቸገራት።

ከሰዓት በኋላ ክሊፍ እርግቦቹ ጋ ሲሄድ ስልኩን አነሣች። ቁጥሩ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ምን ልትል ነው? «ባሌ ዋሽቷል» ልትል ነው? «እርስዎ ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?» ቢሏትስ? መልሳ አስቀመጠችው። ነገ እደውላለሁ አለች። በማግሥቱ የጆዲ ባል ታሞ ወሬው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ።

በዚያው ሰሞን ሺላ የምርመራ መኪናው ውስጥ ገብታ ፎቶ ተነሣችና ሳንባዋ ላይ አተር የምታህል ነገር አገኙባት። ቆርጠው አወጡት። ወር ሳይሞላት ቢንጎ ቤት መጥታ ሹራቧን ከፍ አድርጋ ጠባሳዋን ስታሳይ ኖሪን አጠገቧ ነበረች።

«ቶሎ ባይገኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር» አለች ሺላ። «የአንቺው ሰውዬ ተነሣ እንዴ?»

«አያስፈልግህም አሉት።»

«ታድሎ!»

ኖሪን ያን ቀን ከቢንጎ ቤቱ በቀጥታ ወደ ቤቷ ገሰገሰች። ክሊፍ ሾርባ እያሞቀ አገኘችው።

«ስማ፣ ሺላን ሰምተሃል አይደል? እስቲ አንተም ደግመህ ደውልላቸው።»

«አያስፈልግህም ብለውኛል እኮ! አንቺው ቁጭ ብለሽ ሰምተሻል!»

ዓይኑ ለመናት። አሁን ብታወጣው ኖሮ ይወጣ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች።

«ሰምቻለሁ» አለች ኖሪን፣ ሾርባውንም ጠጡት። መኪናው በሳምንቱ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ።

ክሊፍ ደም የተፋው በሁለተኛው ዓመት ነው። ሱሪው ከወገቡ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ «ሰውነቴ ቀለለኝ» ይል ነበር። ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም ከእነሱ ልጅ ጋር የምትመጣጠን ሴት ናት። ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ አሳየቻቸው። ካንሰሩ ከሳንባው አልፎ ጉበቱ ውስጥ ገብቷል አለች። መቆረጥ አይችልም፤ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ግን አለ አለች። ከዚያ ብዕሯን አነሣች።

«ያጨሱ ነበር?»

ክሊፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድሮ። ልጄ ትንሽ ሆና…»

ያን ሁሉ ከሰማ በኋላ! ኖሪን ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሞቱን ነግረውት፣ አሁንም እሷን ፈርቶ ይዋሻል።

«እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ፣ ዶክተር» አለች። «በቀን ሃያ።»

ክሊፍ ዞሮ አላያትም። ጆሮው ግን እንደ ሕፃን ልጅ ቀላ።

«የሳንባ ምርመራው መኪና ከተማችሁ መጥቶ ነበር» አለች ሐኪሟ። «ሳይደውሉላችሁ ቀሩ?»

«ደውለው ነበር» አለች ኖሪን።

ሐኪሟ ቀሪውን ጠበቀች። ሳይመጣ ሲቀር ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጻፈች።

ውጭ ንፋስ ነበር። ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ክሊፍ መራመድ ደክሞት ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ብርድ ጀምሮ።»

«ሠላሳ ዓመት እንደ ሌባ ስደበቅ እያየሽኝ?»

«አዎ።»

«ነርሷ የደወለች ቀን ልብሱን አስጪ ስልሽ ለምን አልወጣሽም?»

«እንድትነግረኝ ፈልጌ ነው። እንድትነግረኝ ብቻ።»

«ለሷ እነግራት ነበር እኮ፣ ኖሪ» አለ። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብቻዬን ብሆን እነግራት ነበር።»

ኖሪን ይቅር በለኝ ልትል አስባ፣ ቃሉ ለዚህ አነሰባት። ክሊፍ ከውስጥ ኪሱ ፓኬቱን አወጣ፣ ፊት ለፊቷ፣ ሳይደበቅ። ላይተሩን ሲለኩስ ንፋሱ አጠፋው። ደገመው፤ አሁንም ጠፋ። ኖሪን ጠጋ ብላ በሁለት እጇ ንፋሱን ከለለችለት።