ሳይዙ የማይለቁት ሽማግሌ

ስማቸውን አላውቅም፤ መጠየቅም አፍራለሁ። እኔ በምጠርገው ፉርጎ ሐሙስ ሐሙስ ይሳፈራሉ። የጆሮ መሸፈኛው የተገመጠ የጸጉር ቆብ ያደርጋሉ፤ ከካፖርታቸው ኪስ ጨው የገባ ኪያር በጠርሙስ ብቅ ብሎ ይታያል። ወደ በሩ ሲሄዱ አንዱን የመያዣ ብረት የሚለቁት ሌላውን ጨብጠው፣ ሳብ አድርገው ካዩት በኋላ ነው።

ትኬት ቆራጯ ራይሳ አትምራቸውም።

«አባባ፣ ልቀቁት እንጂ! ባቡሩን የሚሰርቅብዎት የለም!»

«የጠፈር ጣቢያውን ከውጭ ስንገጣጥም ከጣቢያው ጋር የሚያስረን ሁለት መንጠቆ ነበረን፣ ልጄ። አንዱ ሳይታሰር ሌላው አይፈታም። እኔ ረስቼ ሁለቱንም ፈታሁ። ጓደኛዬ ቀብ ባያደርገኝ ኖሮ ዛሬ የምትጮሂበት ሰው አታገኚም ነበር።»

በየሐሙሱ የሚሄዱት ያንኑ ጓደኛቸውን ሆስፒታል ሊጠይቁ ነው፤ ኪያሩም የእሱ ነው። አንድ ቀን ከብረት ብረት ሲሉ በሩ ተዘጋባቸው፤ ከሚቀጥለው ፌርማታ እስኪመለሱ የጥየቃ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ወዲያ እኔ መጥረጊያዬን አስደግፌ በሩ ጋ እጄን እሰጣቸዋለሁ። እኔንም ሳብ አድርገው ያዩኛል፤ ከዚያ ብረቱን ይለቃሉ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። የኪያሩ ጠርሙስ የለም። ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ፉርጎው መሀል ቆመዋል፤ ባቡሩ ሲያዘነብል አብረው ያዘነብላሉ። ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። እጄን ዘረጋሁ። አልመጡም። በሩ ተዘጋ።

«አባባ» አለች ራይሳ ቀስ ብላ፣ «ኧረ የሆነ ነገር ይያዙ፤ ይወድቃሉ።»

እጃቸውን አላወጡም።