አድማሴና የትንፋሽ ማሽኑ

አድማሴ በቅሎ ነጂ ነው። አገር ጎብኚ እንግዶችን ወደ አሸተን ማርያም ገዳም አቀበት ያወጣል። ሲመሽ ጓደኞቹ ጠላ ቤት ሲገቡ እሱ ወደ ቤቱ ይጣደፍ ነበር፤ ሚስቱ ወለተ ሐና አስም ነበረባት። ብርዱ ወርዶ የምድጃው ጭስ ሰፈሩ ላይ ሲተኛ ደረቷ ይዘጋል።

«ደሞ ሚስትህን ሶኬት ላይ ልትሰካት ነው?» ይሉታል።

«አንተንማ ብሰካህ ሰፈሩን ታጨልማለህ!» ብሎ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በበቅሎው የወጣች አንዲት አሜሪካዊት በራፉ ላይ አረፍ ስትል የወለተ ሐናን ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ሰማች። አገሯ ስትገባ መድኃኒቱን ወደ ጉም የሚቀይር ማሽን በሰው ላከችላቸው። የመሰኪያው ጥርስ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከእኛ ሶኬት ጋር የሚያገጥም ማስማሚያም ጨመረችበት። ሰኩት፤ ሠራ። እኛ ዘንድ ሶኬት ውስጥ ገብቶ የሠራ ነገር ሠራ ነው፤ ምን ያህል ኃይል ይችላል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሰፈራችን የመብራት መስመሩ ጫፍ ነው። የሚደርሰን ከተማው ተጠቅሞበት የተረፈው መብራት ነበር፤ አምፖሉ እንደ ፍም ቀልቶ ይቀራል፣ ቴሌቪዥን አያስነሳም። ስንት ጊዜ አቤት አልን! በዚያ ጭላንጭል ሳያስቸግር የሚሠራው የወለተ ሐና ማሽን ብቻ ነበር። እሷ ጭምብሉን አድርጋ ስትተነፍስ አድማሴ አጠገቧ ተቀምጦ የቀኑን ወሬ ያወራላታል።

ከጥምቀት በኋላ አዲስ ትራንስፎርመር ተተከለልን። እልልታው ቀለጠ፤ አምፖሎቹ ነጭ ሆነው በሩ። በዚያው ምሽት አድማሴ ማሽኑን ሰካ። ድምፁ ከወትሮው አየለ።

«ወለቴ፣ ማሽኑም በረታ እኮ!»

«እሱም ጠግቦ ነዋ» ብላ ሳቀች።

ወዲያው የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ማሽኑ ዝም አለ። ነቀለው፣ መልሶ ሰካው፣ መታው። የወለተ ሐና ደረት እየተዘጋ ሄደ፤ ባጃጅ ተጠራ። የሆስፒታሉን አቀበት ሳይጋምሱ በእቅፉ ውስጥ አረፈች።

ከሰልስቱ በኋላ ማሽኑን ይዞ ቤቴ መጣ።

«ጋሼ፣ እንግሊዝኛ ያነባሉ። እዚህ ሥሩ ላይ ምን ይላል?»

መቶ አሥር ቮልት ይላል። የእኛ ሁለት መቶ ሃያ ነው። ለማሽኑ የተመጠነው የእኛ ግማሽ እንደሆነ፣ የእኛም እዚህ ሲደርስ ደክሞ ወደዚያው ይጠጋ እንደነበር ነገርኩት። እንዲህ ዘግይቶ የመጣ እውቀት ለማን ይበጃል? ግን ጠይቆኛል፤ መዋሸት አልሆነልኝም። አንድ ክፉ ሰው ቢኖርበት እሱን መርገም ይቻል ነበር። ሴትዮዋም፣ መብራት ያበረቱልንም፣ እሱም ያደረጉት ደግ ነገር ነው።

አድማሴ ጣቱን ጽሑፉ ላይ አስኪዶ ቆየ።

«ታዲያ ያ ስንረግመው የኖርነው መብራት ነው እሷን ያቆየልኝ?»

«አዎ፣ ልጄ።»

ዘንድሮ መብራቱ ደግሞ መድከም ጀምሯል። ሰፈሩ አቤቱታ ለማስገባት ፊርማ ሲያሰባስብ ወረቀቱ አድማሴ ደጅ ደርሶ ነበር። አልፈረመም። ለምን ብሎ የጠየቀውም የለም።