ጫማዋን አውልቁ

ልጆቻችንን ይዘን የልጆች ሕክምና ክፍል ስንመጣ ይህችን ሴትዮ አናጣትም። ሰፊ የወንድ ኮት ትለብሳለች፤ ኪሶቹ በምርመራ ወረቀትና በልጇ ካልሲ ተወጥረዋል። ወንበር ቢለቁላት አትቀመጥም። «እግዜር ይማርልሽ» ሲሏት፣ «እሱ እስኪምራት እነዚህ ይጨርሷታል» ትላለች።

ዛሬ ነርሱ ልጅቷን ከነጫማዋ ሚዛን ላይ ሊያወጣት ሲል ክፍሉን ባንድ እግሩ አቆመችው።

«መድኃኒቱ የሚታዘዘው በክብደቷ ነው! ለልጄ ነው ወይስ ለጫማዋ የምታዙት?»

«እሺ እናቴ፣ ቀስ በይ።»

«እናትህ አይደለሁም! ሦስት ዓመት ሙሉ ቀስ አልኩ!»

ተንበርክካ ራሷ አወለቀችላት። ነርሱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ። ባለፈው ወርም ባዶ እግሯን ነበር የተመዘነችው፤ አሁን ሁለት ኪሎ ቀንሳለች።

ሴትዮዋ ጫማዎቹን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቁጥሩን ደጋግማ አየችው።

«ሚዛናችሁ ተበላሽቷል!» ብላ ጮኸች።

ነርሱ ወደ እኔ ዞረ። ልጄን ቅድም በዚያው ሚዛን መዝኖልኝ፣ ቁጥሩን አምኜ ተቀብያለሁ።

«ተበላሽቷል እኮ!» አልኩት እኔም ጮኼ። «ምን ታፈጥብኛለህ?»