አሜ እስኪያባራ

ልጅ ሳለሁ፣ እሪ በከንቱ ባለችው ጠባብ ቤታችን፣ አንድ ክረምት ሙሉ ምሽት ምሽት ጃፓንኛ ተማርኩ። አስተማሪዬ ጋሽ በላቸው ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር ኮሪያ ዘምተው፣ እግራቸውን ቆስለው ጃፓን ሆስፒታል ከርመው፣ ከሌሎቹ ቀድመው የተመለሱ። አባቴ እዚያው ኮሪያ መሞቱን ያውቁ ነበር። እኔና እናቴ አናውቅም። መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። የአባቴ ወንድሞች ደግሞ ወንዝ ሞልቶባቸው ከቡልጋ መምጣት አልቻሉም።

ያኔ እኔ ይህን መች አውቄ። ጋሽ በላቸው ሲመሽ እያነከሱ ይመጣሉ፣ እርጥብ ካፖርታቸውን ከማንደጃው አጠገብ ያሰጣሉ፣ የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበው፣ አንዲት ጃፓናዊት ነርስ በሆስፒታሉ መስኮት እያሳየች ያስተማረቻቸውን በፋኖስ ብርሃን ያስተምሩኛል። ተራራ ያማ፣ ወንዝ ካዋ፣ ንፋስ ካዜ፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደው በረዶ ዩኪ፣ ዝናብ አሜ። ተረትም ይጨምሩበታል፤ ያማና ካዋ ተጋብተው አሜን ወለዱ፣ ልጅቷ ግን አልቃሻ ሆነች ይሉኛል። እናቴ የምትጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«በላቸው ወንድሜ፣ እውነትህን ንገረኝ፣ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

ይህን ሲሉ ፍሙን ነው የሚያዩት። ወዲያው ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ፣ እስቲ ውጪ እዪልኝ፣ አሜ አላባራችም?» ይላሉ።

አንድ ቀን ጋሽ በላቸው፣ አጎቶቼ ዝናቡ ሲያባራ ከቡልጋ እንደሚመጡ ለጎረቤታችን ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው። አባቴን ሊቀበሉ መሰለኝ። እናቴን ድንገት ደስ ይበላት ብዬ ዝም አልኩ፤ ጊዮርጊስ ሄጄ ደጁን ስሜ፣ ዝናቡን ካቆምክልኝ ጧፍ አበራልሃለሁ ብዬ ተሳልኩ።

በሳምንቱ አባራ።

ጋሽ በላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በማለዳ መጡ። አጎቶቼ ከኋላቸው ቆመዋል፣ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። እናቴ ሰዓቱን አይታ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ጮኸች። እኔ አላለቀስኩም። የዚያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ዛሬም ፈልጌ አጣዋለሁ። ትዝ ያለኝ ጧፉ ነበር፤ ስለት ስለት ነውና ከሰልስቱ ማግስት ሄጄ አበራሁት።

ቃላቱ አሁንም አሉ። ክረምት ወጥቶ ሰው ሁሉ እሰይ ሲል እኔ ምንም አይለኝም። ዝናብ ሲጀምር ግን ቀስ ብዬ «አሜ» እላለሁ። እስኪያባራ ድረስ አባቴ ደህና ነው።