ጾመኛው ፎቅና የዓሣዎቼ አሸዋ

መርካቶ ዱባይ ተራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ እሸጣለሁ። ሰው የሚያይልኝ ግን ከመጋረጃዎቼ ይልቅ ዓሣዎቼን ነው። ወንድሜ ሲያገባ ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ ዓሣዎቹ» አለችው። እሱም ትንሽ ካሰበ በኋላ (ማሰቡን እሷ ባታውቅ ይሻላል) የመስታወት ገንዳውን አስጭኖ ሱቄ ውስጥ አራገፈው። ሲክሊድ ይባላሉ። የኛው የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው፤ ቀለማቸው ግን ቢጫና ሰማያዊ ነው፣ ጠበኞች ናቸው፣ ሥራም ይወዳሉ። ሥራቸው ቁፋሮ ነው። ማታ ደልድዬ የሄድኩትን አሸዋ ጠዋት አንድ ጥግ ላይ ተቆልሎ አገኘዋለሁ። ወንዱ በአፉ እየዘገነ ከወዲህ ወዲያ ሲያመላልስ ገበያተኛው የመጣበትን ረስቶ ይቆማል። «መቼ ነው የሚጠበሱት?» የሚሉም አሉ። እነሱን ቶሎ ነው የምሸኛቸው።

ሲመጡ ከሥራቸው ጠጠር ነበር የተነጠፈላቸው። ወንድሜ ግን «አሸዋ ካላገኙ ይከፋቸዋል» ብሎኝ ነበርና እኔ ደግሞ የተከፋ ነገር ማየት አልችልም። መሳለሚያ አካባቢ ፎቅ ከሚሠሩ ሰዎች አንድ ጆንያ አሸዋ ለምኜ አመጣሁ። በዱቄት ወንፊት ነፋሁት፤ ወንፊቱም እዚያው ሥራውን ጨረሰ። ከዚያ ሳፋ አቅርቤ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ቧንቧው ስር ቁጭ ብዬ ማጠብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው እጣቢ ቡና በወተት ይመስል ነበር። ሁለተኛውም ያው። እኔ የሚጠራ መስሎኝ እየደፋሁ እሞላለሁ፣ እየሞላሁ እደፋለሁ። ፎቁ በሙሉ ሥራውን ትቶ ሊመክረኝ መጣ፤ ምክር እንጂ እጁን የሰጠኝ አልነበረም።

እጇን የሰጠችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት። ፊት ለፊቴ ከባሏ ጋር ሻሽና ሂጃብ የምትሸጠው ጎረቤቴ እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። እንደ ምስር እያሸን አብረን አጠብነው። ካገባች ብዙ ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላትም። ፎቁ ስለዚህ ነገር እሷ ባለችበት አያወራም፤ በሌለችበት የሚያወራውን ተዉት። ያን ቀን እጇን አሸዋው ውስጥ እንደከተተች፣ ቀና ሳትል፣ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም ጊዜ እንደወረደባት ነገረችኝ። አሸዋውን ማሸቴን ቀጠልኩ፣ እሷም ቀጠለች። በመጨረሻ ውሃው ብርጭቆ መስሎ ሲወርድ «ጠራ! ጠራ!» እያልን ስንጮህ፣ ከጎናችን ሻንጣ የሚሸጡት ጋሼ እሳት የተነሳ መስሏቸው ባልዲ ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከቢጫዎቹ አንዷ አፏን ሞላች። የእነዚህ ዓሣዎች እናት እንቁላሏን በአፏ ነው የምትይዘው። ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ፣ ሦስት ሳምንት ያህል፣ ጉሮሮዋ አብጦ፣ ምግብ ሳትቀምስ ትቆያለች። ከደነገጠች ግን ትተፋቸዋለች። በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ገበያተኛ መስታወቱን በቁልፍ ሲያንኳኳ ተፋቻቸው። ጎረቤቴ ይህን አይታ ወደ ሱቋ ገባች፣ ያን ቀን ተመልሳ አልወጣችም። ሁለተኛ ጊዜ አፏን ስትሞላ ጎረቤቴ የሱቋን ቁልፍ ከመክፈቷ በፊት እየመጣች መስታወቱ ላይ ታጎነብስ ጀመር። እኔም በልቤ፣ እነዚህ ልጆች ሳይወለዱ ቢቀሩ ይህችን ሴት በምን ዓይኔ ነው የማያት እያልኩ ጭንቀት ያዘኝ።

ሁዳዴና ረመዳን አብረው የገቡበት ጊዜ ነበር። ፎቁ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሻይ የለ፣ ሳንቡሳ የለ፤ ግማሹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ግማሹ እስከ መግሪብ አፉን ይዞ ይውላል። ጋሼ ወደ ቢጫዋ እያዩ «እሷስ ጾመኛ አይደለች?» ይሉ ነበር።

በዚያ ላይ ውሃ ጠፋ። ዛሬ ነገ እያልኩ አሸዋውን ሳላጸዳ ከረምኩ። ለካ ጆንያውን ሙሉ መገልበጤ ራሱ ስህተት ነበር፤ እጄ አይሰስትም፣ ምን ላድርግ። አሸዋ ስስ ሆኖ ሲነጠፍ ቆሻሻው ከላዩ ይቀራል፤ ሲወፍር ግን ሥሩ ይታመቅና ይበሰብሳል። ውሃ የመጣ ዕለት፣ ክሎሩ እንዲበንን ጀሪካኖቼን ሞልቼ አሳደርኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ተቀበለኝ። ወንዱ እስከ መስታወቱ ድረስ ቆፍሮ ከሥር በስብሶ የጠቆረውን አሸዋ ገልብጦታል። ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አየር ይለምናሉ። ቢጫዋ አፏን እንደዘጋች ጉሮሮዋ ይርገበገባል።

በመረብ እንዳላወጣት ትደነግጣለች። ውሃውን በጣሳ እንዳልቀዳው አሸዋው ተናጦ ይብስባታል። ያለው መንገድ ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሰካና ከአሸዋው ከፍ ብሎ ይዞራል፤ ቆሻሻው ይሄዳል፣ አሸዋው ይቀራል። በሌላኛው ጫፍ ግን ሾፌሮች ቤንዚን እንደሚቀዱት መጀመሪያ በአፍ መሳብ አለበት። አፍ! ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ነው፣ በፎቁ ላይ ደግሞ አንድም ነፃ አፍ የለም።

«ስጡኝ፣ እኔ እስበዋለሁ» አልኩ።

«ለዓሣ ብለሽ ጾም ልትገድፊ?» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ ልትሞት ነው እኮ!»

«ሳትውጪው ሳቢውና ትፊው እንግዲህ» አለ የጎረቤቴ ባል። «እኛ ለሶላት ስንታጠብ እንጉመጠመጥ የለ?»

«እንግዲያው አንተ ሳበዋ!»

«እኔማ…» አለና ውሃውን አየው። «ቢያመልጠኝስ?»

ሳቄ መጣ። በጭንቅ ጊዜ ሳቅ ሲመጣብኝ ማቆም አልችልም፣ ፎቁም አብሮኝ ሳቀ። አንዱ ቱቦውን ውሃ ሞልተን በአውራ ጣት ደፍነን እንልቀቀው አለ። ሞላነው፣ ደፈንነው፣ ለቀቅነው፤ ውሃው ገንዳውን ትቶ ሊሸጥ በተሰቀለ የሳሎን መጋረጃ ላይ ተረጨ። ጋሼ ሳቃቸውን ሊይዙ ግድግዳውን ተደገፉ። እኔ ግን ወደ ቢጫዋ ሳይ ሳቄ ቆመ። ጉሮሮዋ ከቅድሙ ይልቅ ፈጥኗል። ጾሙም ይቅር ብዬ ቱቦውን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

ጎረቤቴ ከእጄ ላይ ወሰደችው። «እኔ እስበዋለሁ።»

«አንቺማ አይሆንም!» አለ ባሏ፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ።

ሴቶቹ ቶሎ ብለን ወደ ሌላ ዞርን። ሴት ከጾም የምታርፍባቸው ቀናት አሏት፤ አይጠየቅም፣ አይታይም። እሷ ግን ባሏን ሰምታ አልሰማችውም። ቁጢጥ ብላ አንዴ ሳበች፣ ውሃው ሲመጣ ጫፉን ባልዲው ውስጥ ጥላ አፏን በእጇ ይዛ ወደ መታጠቢያው ሮጠች። ስታስመልስ ሁላችንም ሰማናት። ባሏ እየሮጠ ተከተላት፣ እየሮጠም ከኪሱ ግማሽ ሎሚ አወጣ።

ጋሼ ቆም ብለው አሰቡ። «ጾመኛ ሰው በኪሱ ሎሚ ምን ይሠራለታል?»

ይህን ሲሉ ነገሩ የገባት አንዷ እልል አለች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ እኔም አቀለጥኩት። ለደቂቃ ያህል ቱቦውን ጭራሽ ረሳሁት። ባልዲው ሞልቶ ያ ጥቁር ውሃ በኮሪደሩ ሲወርድ ሱቆቹ በር ላይ የተደረደረው ጫማ ሁሉ ራሰ፣ የተቆጣ ግን አልነበረም። ዘልዬ ፕላስቲኩን ያዝኩና አሸዋው ላይ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ጥቁሩ እየተሳበ ወጣ፣ ጋሼ ካደረው ውሃ እየቀዱ በዝግታ መለሱልኝ። ዓሣዎቹ ከላይ መውረድ ጀመሩ። የቢጫዋ ጉሮሮ ረጋ፣ አፏ እንደተዘጋ ነው። ከሳምንት በኋላ ልጆቿን ገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ሥር ለቅቃቸዋለች፣ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ ቢጫ ነጠብጣቦች፤ በሎሚው ቀን የጮህነውን ያህል ግን ያኔም አልጮህኩም።

ጎረቤቴ ሎሚውን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ስትመለስ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ባሏ ከኋላዋ ነበር፣ ፊቱ ለፈገግታው አልበቃውም። እኔ እስከ ክርኔ ጥቁር ውሃ እንደሆንኩ አቀፍኳት፣ ንጹሕ ሻሿን አበላሸሁባት።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«ፈርቼ ነዋ» አለችኝ። «በፊት ለሰው በተናገርኩ ማግስት ነበር የሚወርደው።» ከዚያ ጆሮዬ ሥር አፏን አስጠግታ፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይሰማ፣ «ይሄኛው ይቆይልኛል፣ አይደል?» አለች።

እኔ ምን አውቃለሁ? መጋረጃ ሻጭ ነኝ። አንድ ጆንያ አሸዋ ገልብጬ ዓሣዎቼን ልጨርስ የነበርኩ ሴት ነኝ። በቀስታ የጠየቀችኝን በቀስታ መመለስ ነበረብኝ፣ ነገር ግን ደስታው አሰከረኝና ባለ በሌለ ድምፄ፣ «ይቆያል!» ብዬ ጮህኩ።

ፎቁ ምን እንደጠየቀችኝ አልሰማም። ቢሆንም ገባው። ግማሹ «አሜን» አለ፣ ግማሹ «አሚን» አለ፣ ጋሼ ሁለቱንም አሉ። ያኔ ነው እሷ ያለቀሰችው።