እናቴ ሐኪም ፊት

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። እናቴ በየወሩ መካኒሳ አቦ አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ትመላለስ ነበር። ክሊኒኩ ረቡዕ ጠዋትን ለአረጋውያን ብቻ ለይቶታል። እሷ ነጠላዋን ከዋዜማው አጥባ፣ ገና ሳይነጋ ለብሳ በር ላይ ትጠብቀኛለች። እኔ ከቢሮ ፈቃድ ለምኜ፣ ነፋስ ስልክ ላይ ተጋፍቼ በውይይት ታክሲ ይዣት እሄድና ሰዓቴን እያየሁ እቁነጠነጣለሁ።

የሚያቁነጠንጠኝ ግን ሥራው ብቻ አልነበረም። የደም ግፊት ክኒኗ ከተቀየረ ወዲህ ከመቀመጫዋ ስትነሳ ይዞራታል። ምርኩዝ ይዛም ሁለቴ ወድቃለች፤ አንዴማ የደጁ ድንጋይ ጭንቅላቷን ለጥቂት ነው የሳተው። የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ቢሮ ተቀምጬ «አሁን ወድቃ ቢሆንስ?» እያልኩ እባትታለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ስትገባ ከወንበሩ ተነስቶ በሁለት እጁ ይጨብጣታል።

«እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ተመስገን! ደህና ነኝ የኔ ልጅ።»

«ክኒኑ ተስማማዎት?»

«እጅህ ይባረክ፣ ተስማምቶኛል።»

ሐኪም ፊት ማማረር ለእሷ እግዚአብሔርንም ሐኪሙንም ማስቀየም ነው። ወረፋ የያዙት አዛውንት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ጉልበቴን፣ ወገቤን ሲሉ ይቆዩና ነርሷ «አገልግሎታችን እንዴት ነው?» ስትላቸው ምርቃት ያዘንቡባታል። እንዲህ የረካ ታካሚ አይቼ አላውቅም! እኔን ግን አንድ ረቡዕ የእናቴ መልስ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ።

«ዶክተር፣ ውሸቷን ነው» አልኩ። «ትወድቃለች።»

እናቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። ሐኪሙ አስቀምጦም አቁሞም ግፊቷን ለካና ክኒኑን ለወጠላት። ወደ ቤት ስንመለስ «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብዬ ብተርትባትም ፊቷን አዞረችብኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ማዞሩ ለቋታል፤ ያለ ምርኩዝ ገባች። ሐኪሙ ደስ ብሎት «ከእንግዲህ በየወሩ አይድከሙ፣ በስድስት ወር ይምጡ» አላት። እኔ እፎይ አልኩ። እሷ መመረቁን እንኳ ረስታ ወጣች።

አቦ ፊት ለፊት ታክሲ ስንጠብቅ «ይኸው፣ ደስ ይበልሽ» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ እማዬ? ዳንሽ እኮ!»

«መዳኑንስ ድኛለሁ። እስከዚያ ድረስ ታዲያ እንዴት ሰነበቱ የሚለኝ ማነው?»

ይህን ስትለኝ ክንዷን እንደያዝኩ ነበር።